ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ የባንክ ምስጢር እንዴት ይያዛል? ለፋይናንስ ተቋማት ዝርዝር የብሎክቼይን መመሪያ

ባንክ ሁለት ጌታ አለው። ደንበኛው "ጉዳዬን ለማንም እንዳትነግር" ይለዋል። ተቆጣጣሪው ደግሞ "ስጠይቅህ ሁሉንም አሳየኝ" ይለዋል። በድሮው አሠራር ይህ ብዙም አያጣላም። መዝገቡ የባንኩ ብቻ ነው። ለደንበኛው የራሱን ገጽ ያሳያል፣ ተቆጣጣሪው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ የተጠየቀውን ያወጣል፣ አለቀ።

ነገሩ የሚወሳሰበው ብሎክቼይን ሲገባ ነው። መዝገቡ የጋራ ይሆናል። የሚፎካከሩ ባንኮች አንድ ዓይነት ቅጂ ይይዛሉ። አንዴ የተጻፈውም አይፋቅም። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንድ መካከለኛ የአውሮፓ ባንክ የ50 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ በቶክን መልክ (በብሎክቼይን ላይ የባለቤትነት ምልክት ሆኖ በሚዘዋወር ዲጂታል መልክ) ሊያወጣ ነው እንበል። ገዢዎቹ 12 ተቋማት ናቸው፤ የጡረታ ፈንዶች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ ሌሎች ባንኮች። ባንኩን እኔ ፈጠርኩት እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በ2021 የ100 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ ኢቴሪየም በሚባለው ክፍት ብሎክቼይን ላይ አውጥቷል። ሲመንስ በ2023 የ60 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ ያወጣው ለሁሉም ክፍት በሆነው ፖሊጎን ላይ ነበር። በ2024 የ300 ሚሊዮን ዩሮውን ሲያወጣ ግን ስዊያት ወደሚባል ፈቃድ ያላቸው ብቻ ወደሚገቡበት መረብ ሄደ። አውሮፓን የመረጥኩት የግላዊነቱም የቁጥጥሩም ሕግ እዚያ በዝርዝር ስለተጻፈ ነው። (ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ሠንጠረዥ፣ ኮዱ ይቆየን

ብዙ ሰው ሥራውን "የትኛውን ብሎክቼይን እንጠቀም?" ብሎ ይጀምራል። ለዚህ ጥያቄ ገና ነው። መቅደም ያለበት "ማን፣ ምን፣ መቼ ማየት አለበት?" የሚለው ነው።

ኤክሴል ክፈቱ። ወደ ታች የመረጃ ዓይነቶችን ጻፉ፤ የገዢው ተቋም ስም፣ ከጀርባው ያሉት እውነተኛ ባለቤቶች፣ የተገዛው መጠን፣ ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ የግብር መለያ ቁጥሩ፣ የፈረመው ሰው ስምና ፓስፖርት። ወደ ጎን ደግሞ የሚያዩትን ደርድሩ፤ ቦንዱን ያወጣው ባንክ፣ መዝገብ ያዡ፣ ሻጩ፣ ገዢው፣ በግብይቱ ውስጥ የሌሉት ሌሎች ገዢዎች፣ ኖዱን (የመዝገቡን ቅጂ የሚይዘውን ኮምፒውተር) የሚያስተዳድረው የቴክኖሎጂ ድርጅት፣ ኦዲተሩ፣ ተቆጣጣሪው። በየሳጥኑ ከሦስት ቃላት አንዱን ብቻ ጻፉ፦ "ሁልጊዜ"፣ "ሲጠይቅ"፣ "በፍጹም"።

ሥራውን የሚያቀለው መካከለኛው ቃል ነው። ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን ግብይት በየሰከንዱ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አንዳንድ ሪፖርት በእርግጥ ሳይጠየቅ መሄድ አለበት፤ በአውሮፓ የቦንድ ግብይት ሪፖርት እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን መጨረሻ መድረስ ይኖርበታል። አብዛኛው ግን "ሲጠየቅ ቶሎና ሳይጎድል ማቅረብ" ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ብዙ ምስጢር መጠበቅ ይቻላል።

ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የሚያስገድደውን የሕግ አንቀጽና መረጃው የሚቆይበትን ዘመን አስቀምጡ። እዚህ ላይ ሁለት ሕጎች የሚጋጩ ይመስላል። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ በአንቀጽ 17 ሰው "መረጃዬን አጥፉልኝ" እንዲል ይፈቅድለታል። ወንጀል ያመጣውን ገንዘብ ለመከላከል የወጣው ሕግ ደግሞ የደንበኛው ሰነድ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ 5 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ግጭቱ ግን የሚፈታው እዚያው አንቀጽ 17 ውስጥ ነው። መረጃውን ለመያዝ የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ካለ የማጥፋት መብቱ አይሠራም ይላል። ዘመኑ ሲያልቅ ግን ማጥፋት ግዴታ ነው። ራስ ምታቱ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ብሎክቼይን ላይ ማጥፋት የለማ።

ሌላም በተደጋጋሚ የሚምታታ ነገር አለ። ጂዲፒአር የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ኩባንያን አይደለም። የጡረታ ፈንዱ "5 ሚሊዮን ገዛሁ" የሚለው መረጃ በዚህ ሕግ የግል መረጃ አይባልም፤ የንግድና የባንክ ምስጢር ነው። የፈራሚው ሰው ስም ግን የግል መረጃ ነው። ሁለቱን በሁለት ቀለም ለዩዋቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነም ሠንጠረዡ ያገለግላል፤ የሚለወጠው የአንቀጾቹ ዓምድ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እና የወንጀል ገንዘብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጉ ያው ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል።

2. የሰው መረጃ ሰንሰለቱ ላይ አይውጣ

ስም፣ ፓስፖርት፣ ስልክ፣ አድራሻ በምንም ዓይነት መልክ ብሎክቼይኑ (ሰንሰለቱ) ላይ አይጻፍ። "እንመሰጥረዋለን" የሚል ሰው ይመጣል። የተመሰጠረ የግል መረጃ በሕጉ ዓይን አሁንም የግል መረጃ ነው። ደግሞም የዛሬው ምስጠራ ከ20 ዓመት በኋላ ይሰበር አይሰበር ማንም ዋስ አይሆንም፤ መዝገቡ ግን ያኔም እዚያው አለ።

ቀጥሎ "ሃሹን ብቻ እናስቀምጥ" ይባላል። ሃሽ ማለት ከመረጃው ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ ነው፤ ከአሻራው ተነስቶ ወደ መረጃው መመለስ አይቻልም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን በግማሽ። የስልክ ቁጥርን ውሰዱ። በኢትዮጵያ በ09 የሚጀምሩት ቁጥሮች ቢበዛ 100 ሚሊዮን ናቸው። አንድ ተራ ላፕቶፕ የሁሉንም ሃሽ በደቂቃዎች ውስጥ አስልቶ ይጨርሳል። ከዚያ የእናንተን ሃሽ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳሰል ብቻ ነው። የግብር መለያ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የተለመደ የገንዘብ መጠን፣ ሁሉም እንደዚሁ በግምት ይገኛሉ።

መፍትሔው ከመረጃው ጋር ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር መቀላቀል ነው፤ የሙያው ሰዎች ሶልት ይሉታል። ለእያንዳንዱ መዝገብ አዲስ ባለ 256 ቢት ቁጥር ይውጣ። የሁለቱ ድብልቅ ሃሽ ብቻ ሰንሰለቱ ላይ ይውጣ። መረጃውም ሶልቱም በባንኩ በራሱ ዳታቤዝ ይቀመጡ። 5 ዓመቱ ሲሞላ ሁለቱንም ከዳታቤዙ፣ ከባክአፑም (ከመጠባበቂያ ቅጂው) ጭምር አጥፉ። ሰንሰለቱ ላይ የሚቀረው ወደ ማንም የማይመራ ተራ ቁጥር ይሆናል። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ማብራሪያ እንዲህ ያለው አካሄድ ወደ ማጥፋት የሚጠጋ ውጤት እንዳለው ጽፏል። "ይጠጋል" ማለት "ነው" ማለት እንዳልሆነ ግን ለሕግ ክፍላችሁ ንገሩ።

ባክአፑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዳታቤዙ ተጠርጎ ሶልቱ የሆነ የተረሳ ቴፕ ላይ ከተገኘ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

3. አሁን መረቡን ምረጡ

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ምርጫው በራሱ ይጠባል። "በፍጹም" የሚለው ቃል በሌሎቹ ገዢዎች ዓምድ ላይ ከበዛ መጠንና ዋጋ ለሁሉም የሚታይበት ክፍት ሰንሰለት ብቻውን አይሆናችሁም።

ተቋማት የሚጠቀሙባቸውን ሦስት መረቦች እንይ። ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ላይ ቡድኖች የየራሳቸው ቻናል፣ ማለትም የተለየ መዝገብ፣ አላቸው። በቻናሉ ውስጥም የተወሰኑ አባላት ብቻ የሚይዙት የግል መረጃ ክምችት አለ፤ ለሌሎቹ የሚደርሳቸው ሃሹ ብቻ ነው። ክምችቱ ከተወሰነ የብሎክ ብዛት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ማዘዝም ይቻላል። (ስለ ሶልት ያልነው እዚህም ይሠራል።) ኮርዳ ላይ ግብይቱ የሚደርሰው ለተገበያዮቹና ኖተሪ ለሚባለው አረጋጋጭ ነው። ካንተን ደግሞ አንዱን ግብይት ራሱን ይከፋፍለዋል፤ ገንዘብ የሚያዘዋውረው ባንክ የገንዘቡን ጎን፣ የቦንዱ መዝገብ ያዥ የቦንዱን ጎን ብቻ ያያል።

የሻጮቹን ብሮሹር አትመኑ። ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ ግብይቶችን በቅደም ተከተል የሚያስይዘው አካል ምን ያያል? ኮርዳ ላይ ለምሳሌ ኖተሪው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሙሉውን ግብይት ያያል፣ ሌላው አያይም። በየትኛው ልትሠሩ ነው? ሁለተኛ፣ ይዘቱ ቢደበቅ እንኳ "ባንክ ሀ ከባንክ ለ ጋር ዛሬ 40 ጊዜ ተላላከ" የሚለው ለማን ይታያል? ለነጋዴ ይኸው ራሱ ወሬ ነው። ሦስተኛ፣ ኖዱ በየት አገር ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል? መረጃ ከአውሮፓ ከወጣ ሌላ የሕግ ምዕራፍ ይከፈታል።

4. ማንነትን በር ላይ አረጋግጡ

ደንበኛን የማወቅ ሥራ፣ በባንክ ቤት ቋንቋ ኬዋይሲ፣ እንደ ድሮው ከሰንሰለቱ ውጭ ይሠራል። ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ውጤቱ ብቻ ነው፤ "ይህ ዋሌት ተፈቅዶለታል"። ዋሌት ማለት ቶክን የሚያዝበት የሰንሰለቱ አድራሻ ነው። ኢአርሲ-3643 የሚባለው የቶክን ደረጃ ለዚህ የተሠራ ነው። ቶክኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ተቀባዩ በተፈቀደላቸው መዝገብ ውስጥ መኖሩን ኮዱ ራሱ ያያል። ከሌለ ዝውውሩ አይሄድም። አውጪው ቶክን ማገድ፣ ቁልፉ ለጠፋበት ደንበኛም ወደ አዲስ ዋሌት መመለስ ይችላል። የሲንጋፖር የገንዘብ ባለሥልጣን በ2022 ፕሮጀክት ጋርዲያን ብሎ ባካሄደው ሙከራ ጄፒ ሞርጋን፣ ዲቢኤስና ኤስቢአይ በክፍት ሰንሰለት ላይ ሲገበያዩ ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የታመነ አካል የሰጠው የማንነት ማስረጃ የሌለው አልገባም።

ልብ በሉ፣ ይህ ደረጃ መጠንን አይደብቅም። በር ጠባቂ እንጂ መጋረጃ አይደለም። ደግሞ አንድ ተቋም አንድ ዋሌት ብቻ ካለው አንድ ግብይት ላይ ማንነቱ የታወቀ ቀን ያለፈው ታሪኩ ሁሉ ይገለጣል። ለየቦንዱ የተለየ አድራሻ ስጡ፤ ማን የማን እንደሆነ የሚያገናኘውን ዝርዝር መዝገብ ያዡ ከሰንሰለቱ ውጭ ይያዘው።

ፈቃዱም ጊዜ ይኑረው። የማዕቀብ ዝርዝር በማንኛውም ቀን ሊለወጥ ይችላል። ጥር ላይ ንጹሕ የነበረ ተቋም መጋቢት ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማጣሪያው ከዝውውሩ በፊት ይሁን፤ በኋላ ማወቅ እዚህ ቤት ብዙ አይጠቅምም።

5. ስም ከገንዘቡ ጎን ይጓዝ

የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ወንጀል መከላከያ ግብረ ኃይል፣ ፋትፍ፣ በ2019 አንድ የቆየ የባንክ ደንብ ወደ ክሪፕቶ አምጥቷል። የላኪና የተቀባይ ስም ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይሂድ የሚል ነው፤ "ትራቭል ሩል" ይባላል። የፋትፍ መነሻ 1,000 ዶላር ወይም ዩሮ ነው። አሜሪካ 3,000 ዶላር ላይ ናት። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ዝቅተኛ መጠን የሚባለውን ትቶታል፤ በአገልግሎት ሰጪዎች መካከል 5 ዩሮም ብትሆን ስም ይዛ ትሄዳለች።

የእኛ ቦንድ እዚህ ውስጥ ይገባል? ቦንዱ ራሱ በሕግ የፋይናንስ ሰነድ ስለሆነ በሌላ ሕግ ነው የሚገዛው። ክፍያው በስቴብልኮይን (ዋጋው እንደ ዩሮ ካለ ገንዘብ ጋር በታሰረ ክሪፕቶ) ከሆነ ግን የክፍያው ጎን ይገባል። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ደንብ የሚያስሩ አሉ።

ስሙ ሰንሰለቱ ላይ አይጻፍም። በሁለቱ ተቋማት መካከል በተመሰጠረ የጎን መንገድ ይሄዳል። አይቪኤምኤስ101 የሚባል የጋራ ቅጽ አለ፤ ሁለቱም ወገን ስምና አድራሻን በአንድ አደራደር እንዲጽፉ ያደርጋል። ስሙ ደርሶ ማዕቀብ ከተጣራ በኋላ ገንዘቡ ይለቀቅ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

6. ሳያሳዩ ማስረዳት፣ ግን ለሚያስፈልገው ብቻ

ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሐሳቡን ጎልድዋሰር፣ ሚካሊና ራኮፍ በ1985 አቀረቡት። "ይህ ገዢ ከተፈቀዱት አንዱ ነው፣ የያዘውም ከጣሪያው አያልፍም" የሚለውን፣ ማን እንደሆነና ስንት እንደያዘ ሳይገልጡ በሒሳብ ማረጋገጥ ነው። ለፋይናንስ ቁጥጥር ከዚህ የተሻለ የተፈጠረ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም። እንዲያም ሆኖ በስድስተኛ ተራ ያስቀመጥኩት ሁለት ምክንያት ስላለኝ ነው።

የመጀመሪያው፣ ማረጋገጫው የገባለትን መረጃ እውነተኛነት አያውቅም። የኬዋይሲ ሠራተኛው አሳስቶ ከመዘገበ ስሕተቱ እንከን በሌለው ሒሳብ ይረጋገጣል።

ሁለተኛው ይከብዳል፦ መጋረጃው ጥፋትንም ይጋርዳል። ዚካሽ የሚባለው ግብይትን የሚደብቅ ገንዘብ ላይ በ2018 አንድ የራሱ የምስጠራ ባለሙያ ገደብ የለሽ ሐሰተኛ ሳንቲም ለማተም የሚያስችል ክፍተት አገኘ። ክፍተቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በጸጥታ ተደፈነ፣ በ2019 ፌብሩዋሪ ላይ ለሕዝብ ተነገረ። የተጠቀመበት ሰው እንደነበር የሚጠቁም ነገር አላገኙም። ሆኖም መጠኑ የተደበቀ ስለሆነ ሰንሰለቱን ቆጥሮ "አንድም አልታተመም" ማለት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ለቦንዳችሁ ቢያንስ አጠቃላይ ድምሩ፣ 50 ሚሊዮኑ፣ በግልጽ የሚቆጠር ይሁን። የየገዢው ድርሻ ይደበቅ። መዝገብ ያዡም በየቀኑ ሁለቱን ያስታርቅ።

ማንነትን ጨርሶ ከሚያጠፉ መሣሪያዎች ግን ራቁ። የክሪፕቶ ዝውውርን እየቀላቀለ ዱካ የሚያጠፋውን ቶርኔዶ ካሽን የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኦገስት 2022 ማዕቀብ ውስጥ አስገባው። በኖቬምበር 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ማንም ሊለውጠው የማይችል ኮድ ማዕቀብ የሚጣልበት ንብረት አይደለም አለ፣ በማርች 2025 ከዝርዝሩ ወጣ። ሶፍትዌሩ ነጻ ቢወጣም ለባንክ ፈቃድ ሆነ ማለት አይደለም። በአውሮፓም ከጁላይ 2027 ጀምሮ አገልግሎት ሰጪዎች ስም የለሽ ሒሳብና ማንነት የሚሰውሩ ሳንቲሞችን እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ ይጸናል።

7. ለተቆጣጣሪ የሚከፈት በር

አሁን ዋናው ጨዋታ ላይ ደረስን። የተደበቀውን በሕግ ሲጠየቅ የሚከፍት ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ አንድ ከሆነ ግን የሰረቀው ሰው ሁሉንም ያያል።

በመጀመሪያ ቁልፉን በጊዜና በጉዳይ ከፋፍሉ። ለየግብይቱ ወይም ለየወሩ የተለየ የማያ ቁልፍ ይኑር። ተቆጣጣሪው የመጋቢትን ከጠየቀ የመጋቢትን ብቻ ትሰጣላችሁ። ማያ ቁልፍ ማያ ብቻ ይሁን፤ ቶክን የሚያንቀሳቅሰው ከእሱ የተለየ ነው።

ቀጥሎ ዋናውን ቁልፍ ሰብራችሁ አካፍሉ። አዲ ሻሚር በ1979 ያቀረበው ዘዴ አለ። ቁልፉ ለኮምፕላያንስ (ሕግና ደንብ መከበሩን ለሚከታተለው ክፍል) ኃላፊ፣ ለሕግ ክፍልና ለውጭ ኦዲተር ለሦስት ይከፈላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሣጥኑ ጸሐፊው ቤት ቢቀመጥም ቁልፉ ሌላው ጋ ይሁን የሚባለው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው በቀላሉ የሚዘነጋ ነው። እያንዳንዱ መክፈት ይመዝገብ፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደብዳቤ። መዝገቡ ግን በጋራው ሰንሰለት ላይ አይቀመጥ። ምክንያቱም የወንጀል ገንዘብ መከላከያ ሕግ ጥርጣሬ ሪፖርት የተደረገበትን ደንበኛ "ተጠርጥረሃል" ብሎ መጠቆምን ይከለክላል። "የዚህ ዋሌት ማያ ቁልፍ ዛሬ ተከፈተ" የሚል ምልክት ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ ከወጣ ጥቆማው ተፈጸመ። ግልጽነት ይበልጥ ይሻላል ብለው በቅንነት የሚሠሩ መሐንዲሶች ሊገቡበት የሚችሉት ጉድጓድ ይህ ነው።

8. ወረቀቱ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ አሰልቺ ነውና። አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ በጂዲፒአር አንቀጽ 35 የሚጠየቀውን የተጽዕኖ ግምገማ ሥራው ሳይጀመር ጻፉ። አባላቱ በጋራ የሚወስኑ ከሆነ ለደንበኛው ጥያቄ ማን እንደሚመልስ በውል ይቀመጥ። አንድ ባንክ ከማኅበሩ ሲወጣ ኖዱ ላይ የቀረው ቅጂ ምን ይሆናል የሚለውም እንዲሁ። ተቆጣጣሪውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ያለቀ ዕቃ ይዞ መሄድ ሌላ ጸብ ነው።

9. ራሳችሁን ሰልሉ

ከመከፈቱ በፊት ሁለት ልምምድ አድርጉ።

አንደኛው፣ በፕሮጀክቱ ላይ ያልሠራ አንድ ጎበዝ ሰው ፈልጉ። አንድ ተራ አባል የሚያየውን መረጃ ብቻ ስጡትና "ማን ምን ያህል ገዛ?" በሉት። ገዢዎቹ 12 ብቻ መሆናቸውን አትርሱ። ከ12 ሰው መካከል መደበቅ ከመርካቶ ግርግር ውስጥ መደበቅ አይደለም። አንድ የጡረታ ፈንድ ማክሰኞ ጠዋት መግዛቱን በድረ ገጹ ቢገልጽና ሰንሰለቱ ላይ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ግብይት ብቻ ቢኖር ምስጠራው ምን ሊረዳ? እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ግብይቶች ተጠራቅመው በቀን ሁለት ጊዜ አብረው እንዲፈጸሙ አድርጉ፤ ቶክኑንም እንደ ብር ኖት እኩል እኩል ዘርዝሩት፤ 7,350,000 የሚል ቁጥር ብቻውን ጎልቶ እንዳይቆም።

ሁለተኛው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተቆጣጣሪ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ለኮምፕላያንስ ክፍል ላኩ። "የእገሌ ተቋም የየካቲት ግብይቶች ከነሙሉ ማስረጃቸው ይቅረቡ" ይበል። ሰዓት ያዙ። ሁለቱ የቁልፍ ባለድርሻዎች ተገኙ? የጥር ወይም የሌላ ተቋም መረጃ ተደባልቆ ወጣ? ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ሰነድ ሰንሰለቱ ላይ ካለው ሃሽ ጋር ገጠመ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወደ መጀመሪያው ሠንጠረዥ ተመለሱና "ሲጠይቅ" ያላችሁበትን እያንዳንዱን ሳጥን ሰኞ ጠዋት እንደገና ፈትሹ።